የእማዬ ማንኮራፋት መጠባበቂያ ቅጂ

እሑድ ከምሳ በኋላ ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተሩን የነካ ሰው ጉዱ ፈላ። አባዬ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅበት ሰዓት ነው። መነጽሩን ይወለውላል፣ እጁን ታጥቦ በፎጣ ያደርቃል፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ያወርዳል፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያወጣል፣ ከካልሲው ውስጥ ደግሞ ቅጂው የሚቀመጥበትን ዲስክ። ካልሲው ነጠላ ነው። ሌላኛው የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱማ መጠባበቂያ ነው» አለኝ።

ዲስኩን ከሰካ በኋላ ክንዱን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ በግራ የኮምፒውተሩ፣ በቀኝ የዲስኩ ፋይሎች ተደርድረው ይታያሉ። በመሃል አረንጓዴ መስመር እየተጎተተ ይሄዳል። መስመሩ ዳር ሲደርስ አባዬ «እኩል!» ብሎ ይጮሃል። ጎረቤቶቻችን ኳስ የሚያይ ይመስላቸዋል።

ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የሚመረምረው ሕንጻ ቢያጣ ቤቱን ይመረምር ጀመር። ሊፍት፣ እሱ እንደሚለው፣ በአንድ ገመድ አይንጠለጠልም። ስለዚህ የውጭው በር ቁልፍ ቅጂ አለው፣ ቅጂውም ቅጂ አለው። የእጅ ባትሪ በየክፍሉ ተሰቅሏል። የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ገና ሳይቃጠል ተተኪው ከጎኑ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። እማዬ አንድ ቀን «ለእኔስ መጠባበቂያ አላዘጋጀህም?» አለችው። ከመመለሱ በፊት ትንሽ ስላሰበ እስከ ዛሬ ትነዘንዘዋለች።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከለማጅ ጎን ተቀምጬ፣ እግሬን ሁለተኛው ፍሬን ላይ አድርጌ፣ ሰው ሊሳሳት ሲል ቀድሜ መያዝ ነው ሥራዬ። ትዕግሥትሽ ይገርማል ይሉኛል። ትዕግሥት የለኝም፤ ፍሬን ነው ያለኝ። ቤት ስገባ ግን እሱም የለም፣ ከነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር ያለ ፍሬን መኖር ደግሞ ልብ ይጠይቃል።

እማዬ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች። አባዬ አሁንም «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላት፣ ስትቆጣ ደግሞ «ክብርት ዳይሬክተሯ»። በኮሪደሩ ስታልፍ የሚሮጥ ልጅ በአንድ እግሩ እንደቆመ ይቀር ነበር። አስተማሪዎቹም ቢሆኑ እሷ ፊት ማስቲካ አያኝኩም። እንዲህ ተፈርታ የኖረች ሴት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ መሳቂያ ሆናለች፤ እሱም በቪዲዮ ተቀርጿል።

ነገሩ የሆነው በመሸኛዋ ቀን ነው። አዳራሹ ውስጥ ኬክ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ የፕላስቲክ አበባ አለ። ምክትሏ የነበረው፣ በማግስቱ ወንበሯን የሚረከበው ሰውዬ፣ ንግግር ሊያደርግ ተነሳ። ንግግሩ ከትምህርት ምንነት ተነስቶ በመምህርነት ክቡርነት በኩል ዞሮ ወደ እማዬ ሊደርስ ገና ብዙ መንገድ ሲቀረው፣ ፊት ወንበር ላይ አበባ ታቅፋ የተቀመጠችው የክብር እንግዳ አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረች። ትንሽ ትንፋሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሎት አንድ አስተማሪ ተነስቶ ሽቦውን ነካክቷል። ምክትሉ ድምፁን ከፍ አደረገ። እማዬም ከፍ አደረገች።

እስከ ዛሬ ይፋዊ አቋሟ «ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ ነበር» የሚል ነው። ይህን አቋም የሚያፈርስ ማስረጃ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀረጸችው ደግሞ የገዛ እህቷ ናት።

አክስቴን ሁሉም ሰው «ሳቂታ» ነበር የሚላት። ከኛው ጋር በኋለኛው ክፍል ትኖር ነበር። ስልኳን ከእጇ አትለይም፣ ያየችውን ሁሉ ትቀርጻለች፣ የቀረጸችውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ታስቀምጣለች። በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ የሁላችንም ምስል ሞልቶ ሲተርፍ የእሷ ግን የለም። ሁልጊዜ ከስልኩ ጀርባ ነበረች፣ ስትቀርጽም ቀረጻው እንዳይበላሽ ትንፍሽ አትልም። ያንን ቪዲዮም ያነሳችው ከእማዬ ጎን ካለው ወንበር ላይ ሆና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሳቋን በግድ ይዛ ነው። መጨረሻው ላይ ግን አልቻለችም። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ጣራው ይታያል፣ ወለሉ ይታያል፣ የአንድ ሰው ጫማ ይታያል፣ ከዚያ ሳቁ ይመጣል። መጀመሪያ ትን ያላት ይመስላል። ከዚያ እንደ ጥሩንባ ይፈነዳል። ከዚያ «ወይኔ ሆዴ!» ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች፣ ቪዲዮውም ያበቃል።

እማዬ ይህን መጨረሻ አይታው አታውቅም። ሳቂታ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቪዲዮውን ስትከፍት፣ እማዬ አገጯ መውደቅ ሲጀምር ተነስታ ትወጣ ነበር። ወጥታም ኩሽና ውስጥ ድስት ታንኳኳለች፣ ድምፁ እንዳይሰማ። ከዚያ ማደን ጀመረች። ጡረታ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ ኮምፒውተር እማራለሁ ብላ ተነሳች። ለምን ብንላት «ለጠቅላላ ዕውቀት» አለች። መጀመሪያ የተማረችው ግን ማጥፋት ነው። ሳቂታ ቪዲዮውን ስም እየቀየረች ትደብቃለች፣ እማዬ ትፈልጋለች፣ አባዬ መሃል ገብቶ ይሸሽጋል። ሦስቱም እንደ ልጅ ይደባበቃሉ፤ ራት ላይ ግን አገር ሰላም ብለው ይበላሉ። በመጨረሻ አባዬ «የሊፍት ቅባት ዓይነቶች» የሚል ፎልደር ከፍቶ እዚያ ከተተው። ይህን ስም አይቶ የሚከፍት ሰው የለም ብሎ ነው። እውነቱን ነው፣ እኔም ሥራ ፈትቼ እንኳ አልከፍተውም።

ሳቂታ ባለፈው ዓመት ሞተች። ሕመሙ አጭር ነበር። አሳጥሬ የማልፈው ስላላመመኝ አይደለም፣ አመመኝ እንጂ፤ አሁንም በኋለኛው ክፍል በር ሳልፍ ፈጠን እላለሁ።

የገረመኝ እማዬ ማደኗን አለማቆሟ ነው። ለቅሶው እንዳለቀ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አየኋት። «አሁንስ ምን ያደርግልሻል፣ እማዬ?» አልኳት። «ጀምሬ መተው አልወድም» አለችኝ። እኔ እንደሚመስለኝ ድብብቆሹ ከእህቷ ጋር የቀራት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ካቆመችው ያልቃል።

እና አንድ ቅዳሜ፣ አባዬ ጋደም ባለበት፣ አገኘችው። ፎልደሮቹን በክብደታቸው ደርድራ ስታይ የሊፍት ቅባት ከሁሉ በልጦ ቁጭ ብሏል። «ቅባት ይህን ያህል አይከብድም» አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ደብተር ውስጥ የተደበቀ ኩረጃ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት፣ ከየት ታመልጧታላችሁ! ፎልደሩን ከነቅባቱ አጠፋችው። ቆሻሻ ሞልቶ ማየት ስለማትወድ ቀጥላ የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያ ባዶ አደረገችው። ያን ቀን ስገባ እያንጎራጎረች ልብስ ስትተኩስ አገኘኋት። ምን ተገኘ ብላት «እንዲሁ ደስ ብሎኝ» አለች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አባዬ መነጽሩን ወለወለ፣ እጁን ታጠበ፣ ካልሲውን አወጣ። ከሰዓት በኋላ «እኩል!» ሲል ሰማሁት።

ራት ላይ እማዬ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሁላችንም ዝም እንላለን፣ የትምህርት ቤት አመል ነው። ትንሽ ቆይታ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ድምጿ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «መልኳ አለ። እጇ አለ። አረማመዷ ሳይቀር አለ። ድምጿን ግን ላስታውስ ስል የራሴ ነው የሚመጣብኝ።»

እማዬ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም። አባዬ ግን ፊቱ በራ።

«ድምጿማ አለ!» አለ ከወንበሩ እየተነሳ። «አለ እኮ! ትስቃለች! ልቧ እስኪፈርስ ነው የምትስቀው፣ ‹ወይኔ ሆዴ› ሁሉ ትላለች። አንቺ መጨረሻውን አይተሽው አታውቂም እንጂ!»

«ምን ላይ ነው የምትስቀው?»

አባዬ ዞሮ አየኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

«ያው . . . የሊፍት ቅባት ላይ።»

እማዬ ክው አለች። እጆቿን ጭኖቿ ላይ ሰበሰበች፣ ልክ እሷ ቢሮ ተጠርተው የሚመጡት ልጆች እንደሚያደርጉት።

«አጥፍቼዋለሁ» አለች። «ትናንት። ቆሻሻ መጣያውንም ደፍቼዋለሁ።»

አባዬ ሳቀ። እንዲህ ያለ ቀን ለስንት ዓመት ሲጠብቅ እንደኖረ ያኔ ገባኝ። «ዳይሬክተሯ!» አለ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ለዚህ እኮ ነው! እስቲ ለምን ይመስልሻል ይሄ ሁሉ እሑድ? ለምን ይመስልሻል ካልሲው?» ቆርቆሮውን ሊያወርድ ሲሄድ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ዲስኩን ሰካ። የፋይሎቹን ዝርዝር ወደ ታች አወረደ፣ ወደ ላይ አወጣ። መነጽሩን አውልቆ ወለወለ፣ እንደገና አየ። ከዚያ እጁ ቆመ።

የሊፍት ቅባት ዓይነቶች ዲስኩ ላይም አልነበረም።

ነገሩ የገባኝ እሱ ካስረዳኝ በኋላ ነው። ያ የሚጠቀምበት ፕሮግራም መጀመሪያ ሲጫን ከሁለት አንዱን ምረጥ ይላል፦ አንደኛው የመጣውን እያስቀመጠ የድሮውን የማይነካ ነው፣ ሁለተኛው ግራና ቀኙን ምንጊዜም እኩል የሚያደርግ ነው። ለማንኛችንም ቢሆን የመጀመሪያው ይሻላል። አባዬ ግን የሊፍት ሰው ነው። ሊፍት ወደ ላይ ሲወጣ በሌላው በኩል ከባድ ብረት ይወርዳል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ገመዱ ይጎዳል። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ጎን ሲያመዛዝን የኖረ ሰው እኩል የሚል ቃል አይቶ እንዴት ያልፋል! መረጠው። ስለዚህ እዚህ የተጨመረ እዚያ ይጨመራል፣ እዚህ የጠፋም እዚያ ይጠፋል። እማዬ ቅዳሜ ከኮምፒውተሩ ያጠፋችውን፣ እሱ እሑድ እጁን ታጥቦና መነጽሩን ወልውሎ ከዲስኩ ላይ አጠፋው።

«እኩል አደረግኳቸው» አለ አባዬ።

ማንም አልተቆጣውም። እማዬ እንኳ። እሱ ነው የባሰኝ።

የሳቂታ ስልክስ አልን። ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ግን አባዬ «ሁሉም ነገር ኮምፒውተሩ ላይ አለ» ብሎ ውስጡን አጽድቶ የቤቱ መጠባበቂያ ስልክ አድርጎታል። ኮምፒውተሩን ተሸክመን ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ጠጋኙ ሁለት ቀን ይዞት ከርሞ የተረፈውን ሰጠን። የአንድ ሊፍት ሞተር ግማሽ ፎቶ ነበር። ሌላው ከቪዲዮው የተረፈ አንድ ምስል ነው፣ የእማዬ አገጭ፣ በደንብ ጥርት ብሎ። እማዬ አገጯን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሳቅ ብዛት እንሞት ነበር።

«ያ ሰውዬ ጋ አለ» አለች በመጨረሻ።

የትኛው ሰውዬ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገንም። ምክትሉ ነው። አሁን ዳይሬክተር ከሆነ ቆይቷል፣ እሷ ግን ከምክትል ከፍ አድርጋው አታውቅም። ወንበሯን ከወሰደ በኋላ የአጥሩን ቀለም ቀይሯል፣ ደወሉንም ከዛፉ አውርዶ የኤሌክትሪክ አድርጎታል፤ ለዚህ ሁሉ ይቅር አላለችውም። ከመሸኛው በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲገናኙ እኩለ ቀን ላይ «ደህና አደሩ?» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቪዲዮው እሱ ጋ እንዳለ፣ አስተማሪዎቹን ሰብስቦ እያሳየ እንደሚስቅባት እርግጠኛ ነበረች። እሱ ያለበትን መንገድ ትታ በሌላ በኩል ትዞራለች።

«ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«ምን ላድርግ?» አለች። «ሌላ ቦታ አለ?»

ሌላ ቦታ አልነበረም።

የሄድነው በማስተማሪያዬ መኪና ነው፣ ጣራው ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ባለበት። እኔ ነዳሁ፣ እማዬ ከጎኔ በእኔ ቦታ ተቀመጠች፣ አባዬ ዲስኩን በካልሲው ይዞ ከኋላ። የረሳሁት ነገር ቢኖር በእማዬ እግር ሥር ሁለተኛው ፍሬን እንዳለ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ምንም አልነበረም። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲታይ መኪናው ቀጥ አለ። ከኋላችን ጥሩንባ ጮኸ።

«እማዬ፣ እግርሽን አንሺ።»

«አልረገጥኩም።»

አስነሳሁት። ትንሽ ሄድን። እንደገና ቀጥ አለ። አባዬ ግንባሩ ከወንበሬ ጋር ተጋጨ።

«እማዬ!»

«ቀለሙን እያየሁ ነው» አለች። «ምን ዓይነት ቢጫ ነው ይሄ? የታመመ ሰው ይመስላል።»

እንዲህ እየረገጠች እየለቀቀች በሩ ላይ ደረስን። የሚያልፈው ሰው ሁሉ በአዘኔታ ያየኝ ነበር። እንደ አሽከርካሪ ያን ያህል ተዋርጄ አላውቅም፣ ግን አልተናገርኳትም። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ሰው ፍሬን የሚረግጠው ሲፈራ ነው።

ምክትሉ ቢሮ ውስጥ፣ በእሷ ጠረጴዛ ጀርባ፣ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀጭን፣ ክራባቱ የጠበቀ፣ ሲናገር ቃላቱን እየመረጠ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ሲያያት ብድግ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ። ተቋሙ ምንጊዜም የእርስዎ ነው።»

«አልቆይም» አለች እማዬ። ተቀመጡ ቢለንም እኔና አባዬ ብቻ ነን የተቀመጥነው። «እርስዎ ጋ አንድ ነገር አለ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ቪዲዮ።»

«የምን ቪዲዮ?»

ምን እንደሆነ አሳምሮ አውቋል። ዓይኑ ላይ አየሁት።

«የመሸኛዬ።»

«መሸኛዎ ላይ ብዙ ነገር ተከናውኗል» አለ። «ኬክ ተቆርጧል፣ ስጦታ ተበርክቷል፣ የመታሰቢያ ፎቶ ተነስተናል። የትኛውን ክፍል ማለትዎ ነው?»

እግሬ ወለሉ ላይ ፍሬን ሲፈልግ ተሰማኝ። አባዬ ካልሲውን ጨምድዶ ያዘ። እማዬ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«የተኛሁበትን» አለች።

ምክትሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ እንኳ የሰማሁት ዓይንዎን ጨፍነው ሲያዳምጡ እንደነበር ነው።»

«ተኝቼ ነበር። አንኮራፍቼያለሁ። ንግግርዎም ረጅም ነበር።»

«ረጅም?» አለ። ይህቺ ሳትጠልቅ አልቀረችም። «ረጅም ነበር እንዴ?» ብሎ አባዬን ጠየቀ። አባዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ደወል መመርመር ጀመረ።

«ይጥፋ ሊሉኝ ነው የመጡት?» አለ ምክትሉ።

«አይደለም።» እማዬ እዚህ ላይ ድምጿ ተለወጠ። «እህቴ ሞታለች። መጨረሻው ላይ ትስቃለች አሉኝ። እኔ ሰምቼው አላውቅም፣ እኛ ቤት የነበረውን ደግሞ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ድምጿን ልስማው ብዬ ነው። እባክዎን።»

እባክዎን ስትል ከዚያ በፊት ሰምቼያት አላውቅም። እሱም ሰምቷት አያውቅም መሰለኝ፣ ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ጠፋ። ምንም ሳይል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና «ንግግሮቼ» የሚል ፎልደር ከፈተ። ውስጡ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነበር።

ወደ መጨረሻው እንደሚወስደው ነበር የጠበቅኩት። አልወሰደውም፣ ከመጀመሪያው ጀመረው። ከትምህርት ምንነት። እማዬ ከጀርባው ቆማ አየች። አበባ ያቀፈችው ሴት አገጯ ሲወድቅ አየች፣ ያ ድምፅ ሲጀምር ሰማች፣ አልወጣችም። ምክትሉ ደግሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ንግግሩን ከራሱ ጋር አብሮ ይለዋል። አንዱ ይናገራል፣ አንዷ ታንኮራፋለች፣ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነከስኩ፤ ሳቂታ ያን ቀን ምን እንደተሰማት ገባኝ።

ከዚያ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ጣራው፣ ወለሉ፣ ጫማው። ትን ያለ የሚመስለው መጣ። ከዚያ ፈነዳ።

«ወይኔ ሆዴ!»

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቪዲዮው አበቃ።

«ይድገሙልኝ» አለች።

ደገመላት። እንደገና ደገመላት፤ አሁን መጨረሻውን ብቻ። እማዬ አልቅሳ አልቅሳ መሃል ላይ ሳቀች፤ «ጥሩንባ!» አለች፣ «ጥሩንባዬ! ልጅ ሆነን በዚህ ሳቅ ስንቴ አስመታችኝ!» አባዬ በመጠባበቂያው ካልሲ እንባውን ጠረገ። ለካ እሱንም ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ትንሽ ስትረጋጋ ዳይሬክተርነቷ ተመለሰ። «ለማን ለማን አሳይተውታል?» አለችው።

«ለማንም።»

«ለማንም?»

«ንግግሬ መሃል የክብር እንግዳዋ ስታንኮራፋ ለማን ላሳይ?» አለ ቅር ብሎት። «መሳቂያ የምሆነው እኔ አይደለሁም?»

እማዬ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ስንት ዓመት መንገድ የቀየረችበት ነገር በአንድ ጥያቄ ተናደ። «ታዲያ ለምን አላጠፉትም?»

«ሙሉ ንግግሬ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው» አለ። ክራባቱን ነካካ። «ጥሩ ንግግር ነበር።»

«ማን ሰጠዎት?»

«እህትዎ ናት። በማግስቱ እዚሁ መጥታ። ‹እኛ ቤት ከቆየ እህቴ ታጠፋዋለች፤ ጓደኞቼ ጋ ከሆነ አገር ያየዋል። እርስዎ ግን አያጠፉትም፣ ለሰውም አያሳዩትም። ከእርስዎ የተሻለ ቦታ የለም› አለችኝ። ያኔ ሙገሳ መስሎኝ አመስግኛታለሁ።»

አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። «ሌላ ሕንጻ ውስጥ» አለ፣ አንድ የሊፍት ሰው ለሌላው በሚሰጠው አክብሮት። «ሌላ ሕንጻ ውስጥ አስቀመጠችው እኮ። እኔ እኮ ሁለቱንም አንድ ቤት . . .» አልጨረሰውም። ዲስኩን አውጥቶ ሰካ፣ ቪዲዮውን ቀዳ። «እኩል» በሚያደርገው ፕሮግራም አይደለም፣ በእጁ፣ ፋይሉን ለብቻው።

ልንወጣ ስንል ምክትሉ እማዬን ጠራት። እጁ ማውሱ ላይ ነበር፣ አሁን ግን እየቀለደባት አልነበረም።

«እንግዲህ አግኝተውታል» አለ። «እኔ ጋ ያለው ይጥፋ ካሉ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። እንደሚከብድዎት አውቃለሁ።»

«እንዳይነኩት!» አለች እማዬ። በኮሪደሩ ድምፅ ነው ያለችው፤ ውጭ ሲሮጥ የነበረ ልጅ ኮቴው ቀጥ ሲል ሰማን። ምክትሉም እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

እማዬ በሩ ጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ራሷ ጠረጴዛ፣ ጠጋ አለችና እጇን ዘረጋችለት።

«እርስዎ ጋ ይቆይልኝ» አለችው። «አደራ።»